ፖለቲካ ከትምህርት ቤት ይውጣ ስንል ማንን ነው የምናስወጣው?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። ይህን ክር የከፈትኩት አንድ ነገር ፊት ለፊት እንድንነጋገርበት ነው። በየመምህራን ስብሰባውና በየወላጅ ኮሚቴው ፖለቲካ ከትምህርት ቤት ግቢ ውጭ ይሁን ይባላል። ሕጉም ይህንኑ ይላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ያዛል። ጥሩ ድንጋጌ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ።

ነገር ግን ባለፉት 60 ዓመታት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ከፖለቲካ የራቁበት ጊዜ አላየሁም። ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ዝም በሉ የሚለው ትእዛዝ የሚጸናው በተማሪውና በተራው መምህር ላይ ብቻ ነው። ሥልጣን ላይ ያለው ክፍል ግን በመጽሐፉም፣ በሰልፉም፣ በስብሰባውም ገብቶ ያድራል። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ተማሪ የፖለቲካ ዝንባሌውን የሚያገኘው ከየት ነው? ከመምህሩ ነው? ደግሞስ መምህር አቋሙን ለተማሪው ይንገር ወይስ ይያዘው?

ክሩ ስለረዘመ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች የመጡትን መልሶች በተራቸው ከታች አስፍሬያለሁ። ቃል በቃል አልገለበጥኩም። ሐሳባቸውን በራሴ አነጋገር ነው ያቀረብኩት። የትምህርት ቤትና የግለሰብ ስም የጠቀሱም አሉ፤ እነዚያን ስሞች አውጥቻለሁ።

መልስ 1። የሁለት ልጆች እናት ናቸው። በትሕትና ነው የጻፉት፤ ግን አልተስማሙም። ልጆቻቸውን የሚልኩት ሒሳብና ፊዚክስ እንዲማሩ እንጂ የመምህሩን ፓርቲ እንዲያውቁ አይደለም። የ15 ዓመት ልጅ የሚወደውን መምህር አምኖ ይከተላል፣ ያመነውን ሰው ሐሳብም ሳይመረምር ይይዛል ይላሉ። ስለዚህ የመምህር ዝምታ ፍርሃት ሳይሆን ጨዋነት ነው ባይ ናቸው። ክብደት ያለው ክርክር ነው፤ እስከ ክሩ መጨረሻ ተከትሎናል።

መልስ 2። በጡረታ ያሉ መምህር ናቸው። በ1966 ዓ.ም. በአንድ የጠቅላይ ግዛት ከተማ ያስተምሩ ነበር። የካቲት 11 ቀን መምህራን ሥራ ማቆማቸውን፣ በዚያው ቀን አዲስ አበባ ላይ የታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ምክንያት መኪና ማቆማቸውን አስታውሰዋል። የደመወዙ ጥያቄ ለዓመታት ሲንከባለል የቆየ ነበር። ተማሪዎቹ ግን መምህራኑን ተከትለው አልወጡም፤ እንዲያውም ቀድመው ነው የወጡት ይላሉ። እሳቸው ባሉበት ትምህርት ቤት ልጆቹን ውጡ ያለ መምህር አልነበረም።

መልስ 3። ለመልስ 2 አክብሮቱን ገልጾ አንድ ነገር ያርማል። ነገሩን በደመወዝ ብቻ ከተረክነው ወላጆች ለምን እንደተቀላቀሉ አይገባንም ይላል። ትልቁ ጉዳይ ሴክተር ሪቪው የሚባለው የትምህርት ጥናት ነበር። በ1964 ዓ.ም. የተዘጋጀ ነው። ለአብዛኛው ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይሰጥ፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት እድገት ይገታ የሚል ምክር ነበረበት። ድኻው ወላጅ ይህን ሲሰማ የተረዳው አንድ ነገር ነው፤ የእኔ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይቀራል ማለት ነው። መንግሥት ጥናቱን ለጊዜው አቆየሁት አለ። በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። መምህሩም ቆየት ብለው እርማቱን ተቀብለዋል።

እኔ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ያኔ ተማሪን፣ ወላጅንና መምህርን አንድ ላይ ያቆመው ርዕዮተ ዓለም አልነበረም። ማን ይማራል፣ ማን ይቀራል የሚለው ጥያቄ ነው። ዛሬም ከዚህ የበለጠ የተማሪ ፖለቲካ አላውቅም።

መልስ 4። በክሩ ውስጥ በጣም ከወደድኳቸው አንዱ ነው። ጸሐፊው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ርቆ ነው የተማረው። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለውን አስታውሶናል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ ይላኩ ነበር። አብዛኞቹ የሚመደቡት ሁለተኛ ደረጃ ላይ ለማስተማር ነው። መንግሥት መምህር አገኘ። መሬት ለአራሹ ብለው ሰልፍ የወጡት ወጣቶች ደግሞ የአገሩን ገበሬና የገበሬውን ልጅ አገኙ። የጸሐፊው አባት ጭሰኛ ነበሩ። ከምርቱ ሲሶ እየከፈሉ፣ ለባለ መሬቱ በዓል ደግሞ ሙክት እየነዱ ኖረዋል። ጂኦግራፊ ያስተማረው የአገልግሎት መምህር ስለ ማርክስ አንድም ቀን አልነገረውም። የነገረው በአገሪቱ ውስጥ ስንት ዓይነት የመሬት ይዞታ እንዳለ ነው። ልጁ ያን ቀን ቤቱ ገብቶ አባቱን በሌላ ዓይን አየ።

መልስ 5። መልስ 4ን በደንብ ተከራክሮታል። መምህር ነገሩ የሚጠራበትን ቃል ከሰጠ መደምደሚያውንም አብሮ ይሰጣል ይላል፤ ልጁ ግን በራሱ የደረሰበት ይመስለዋል። ቀጥሎ ግን ራሱን የሚቃረን የሚመስል ማስረጃ አምጥቷል። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ፒስ ኮር በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የበጎ ፈቃድ ድርጅት የተላኩ አሜሪካውያን መጥተው በየሁለተኛ ደረጃው አስተምረዋል። የመጀመሪያው ዙር ብቻ ወደ 280 ይጠጋ ነበር። እንግሊዝኛውንም፣ ሳይንሱንም የተማርነው ከእነሱ ነው ይላል። የእነሱ ተማሪዎች ናቸው ጥቂት ዓመት ቆይተው አሜሪካን እያወገዙ ሰልፍ የወጡት። እንግዲህ መምህር ተማሪውን እንዳሻው የሚቀርጸው ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

መልስ 6። አጭር ናት፤ ግን መንገዱን በደንብ አሳይታናለች። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የነበረውን የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ታነሳለች። ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ጎበዝ ተማሪዎች እየተመረጡ እዚያ ይገቡ ነበር። ዕድሜያቸው የሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ውሏቸው ግን ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር ነው። ክረምት ሲመጣ ወደየቤታቸው ይበተናሉ። ወረቀቱም፣ መፈክሩም፣ ዘፈኑም አብሮ ይሄዳል። ከመምህር ወደ ተማሪ ሳይሆን ከተማሪ ወደ ተማሪ ነው የተላለፈው ትላለች።

መልስ 7። ድምፁ የተቀየረው እዚህ ነው። ጸሐፊው ተቆጥቷል። ስለዚያ ዘመን በናፍቆት ማውራት ይብቃን ይላል። ያ ትውልድ አገር አፈረሰ፣ ራሱም አለቀ፣ እኛን ደግሞ ለ17 ዓመት ደርግ አሳልፎ ሰጠን ባይ ነው። መልስ 4 የነገረንን መምህር ሳይቀር ተጠያቂ አድርጎታል። የ16 ዓመት ልጅ መሬት ለአራሹ ሲል መሬቱን ማን እንደሚወስደው ምን ያውቃል ሲል ጠይቋል። እንዲህ የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ መልሱን አላጠፋሁትም።

መልስ 8። ሌላ እናት ናቸው፤ መልስ 7ን አልተሳደቡም። ስለ ታላቅ እህታቸው ብቻ ነው የጻፉት። 11ኛ ክፍል ነበረች። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። የሁለተኛ ደረጃዎቹ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። እህታቸውም ዘምታ ገበሬ ፊደል አስቆጠረች። የካቲት 25 የመሬት አዋጁ ሲወጣ እዚያው ነበረች። ስትመለስ ሌላ ሰው ሆና ነው የመጣችው ይላሉ። ከዚያ ደርግን ይቃወም በነበረው ፓርቲ በኢሕአፓ የወጣት ሊግ ገባች። በ1969 ዓ.ም. የሜይ ዴይ ዋዜማ፣ ሚያዝያ 21፣ በአዲስ አበባ ብዙ ወጣት በጥይት ባለቀበት ምሽት አልተመለሰችም። እናታቸው ሬሳ ፍለጋ የሄዱበትን፣ ማልቀስ እንኳ የተከለከለበትን ጽፈዋል። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ሲከፈት ሄደው ነበር። ከፎቶዎቹ ብዙዎቹ የደንብ ልብስ የሚለብስ ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች ናቸው።

እኚህ እናት በመጨረሻ የጠየቁት አንድ ነገር ነው። ልጆቹ ለምን ፖለቲካ ውስጥ ገቡ ብለን እንጠይቃለን፤ ልጆች ላይ ጥይት ያዘዘውን ለምን ቀድመን አንጠይቅም? በዚህ ላይ ከእሳቸው ጋር ነኝ። የተማሪ አቋም ሊሳሳት ይችላል፤ የተሳሳተ አቋም ግን የሞት ፍርድ አይደለም።

መልስ 9 እና 10። ሁለት ሰዎች ከዘመኑ ተቀናቃኝ ፓርቲዎች ከኢሕአፓና ከመኢሶን ማን ቀድሞ ተኮሰ የሚለውን ጀመሩ። ሁለቱም የቆሰሉ ሰዎች መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ይታወቃል። ግን ጥያቄያችን ሌላ ስለሆነ ለብቻው ክር እንዲከፍቱ ለመንኳቸው። አንደኛው ተቀበለ፣ ሌላኛው ተቀየመ።

መልስ 11። በ1970ዎቹ የተማረ ሰው ነው። ከቀይ ሽብር በኋላ በትምህርት ቤት ፖለቲካ ጠፋ የሚል ካለ ተሳስቷል ይላል። የደርግ የወጣቶች ማኅበር አኢወማ ነበር፤ ስብሰባ ነበር፤ መፈክር ነበር። ሰው ሁሉ ጓድ ይባባላል። ሁሉም ያጨበጭባል። ልጆቹ ግን ቤት ውስጥ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርገው የሚሰሙትን ያውቃሉ። እኛ የተማርነው ሁለት አፍ መያዝ ነው ይላል፤ አንዱ ለክፍል፣ አንዱ ለቤት። ብሔራዊ ውትድርናው ሲመጣ ደግሞ የሸሸው ሸሸ፣ የተደበቀው ተደበቀ። ዝንባሌው የት እንደነበረ የታወቀው በ1983 ዓ.ም. ነው፤ ለመንግሥቱ ሲያጨበጭብ የኖረ ሁሉ በአንድ ሳምንት ዝም አለ።

መልስ 12። የሲቪክስ ትውልድ ነኝ የሚል ወጣት ነው። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነ። አሥራ አንዱን ምዕራፍ እስካሁን በቃሉ ይዘረዝራል፤ ከዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ግንባታ ጀምሮ በሕግ የበላይነት፣ በእኩልነት፣ በፍትሕ፣ በአገር ወዳድነት በኩል አድርጎ እስከ ቁጠባና እውቀትን መሻት ድረስ። ይዘቱን አይጠላውም። ችግሩ ሌላ ነበር። ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎ የሚለውን ምዕራፍ ተምሮ ኤ አገኘ፤ በ1997 ዓ.ም. ከምርጫው በኋላ የሰፈሩ ልጆች ሲታፈሱ ግን መምህሩ በሩን ዘግቶ ስለ ፈተና ብቻ አወራ። መምህሩን አልጠላውም፣ ፈርቶ እንደነበር ገብቶኛል ይላል። ግን ያን ቀን መጽሐፉን ማመን አቆመ።

መልስ 13። መምህር ናት። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ትምህርት ቤት ሲገባ የነበረውን ትናገራለች። በወረቀት ላይ ለጥናት ነው፤ ጎበዝ ተማሪ ደካማውን እንዲያግዝ። በተግባር ግን በመምህራን በኩል ማን ስብሰባ ቀረ፣ ማን ምን አለ የሚለውም በዚያው ይታወቅ ነበር። ግምገማ ላይ የሚቀርበው የማስተማር ብቃትህ ብቻ አይደለም። ዳይሬክተር ለመሆን የፓርቲ አባልነት እንደሚታይ ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር ትላለች።

መልስ 14። አትጠቅልይው እህቴ ብሏታል። እሱ አባል ሳይሆን ዩኒት ሊደር ሆኗል። ለሥልጠና ዕድል ብሎ የተመዘገበም፣ ከልቡ አምኖ የገባም ባልደረባ ነበረው። ሁሉንም ካድሬ ማለት ግፍ ነው ባይ ነው። ፍትሐዊ አስተያየት ነው። እሷም ከልቡ ላመነው ክብር እንዳላት፣ የምትቃወመው ያላመነው እንዲፈርም መገደዱን እንደሆነ መልሳለች።

መልስ 15። እኔ የጠበቅኩት መልስ ይህ ነበር። ስለ መምህራን ማኅበር ነው። በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተ ማኅበር ነው። ከ1983 በኋላ ለሁለት ተከፈለ። ነጻ እንሁን ያለው ወገን ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት በ1988 ታስረው በ1994 ዓ.ም. ነው የተፈቱት። ከማኅበሩ አመራሮች አንዱ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ደግሞ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. ጠዋት አዲስ አበባ ውስጥ በእግራቸው ወደ ሥራ ሲሄዱ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ጸሐፊው ነጥቡን በግልጽ አስቀምጧል። መምህር አቋሙን ይንገር አይንገር እያልን የምንከራከረው ተናግሮ በሰላም ቤቱ የሚገባ መምህር እንዳለን አድርገን ነው። መምህሩን የሚከላከልለት ነጻ ማኅበር ከሌለ ጥያቄው ባዶ ነው።

ከመልስ 16 እስከ 18። እዚህ ላይ ክሩ ወደ ደመወዝ ዞረ። የቤት ኪራይ፣ የዘይት ዋጋ፣ ከክፍለ ጊዜ በኋላ ባጃጅ የሚነዳ የኬሚስትሪ መምህር፣ ቱቶር ፍለጋ ከቤት ቤት መዞር። አንዱ ከርእስ ወጣን ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ አልወጣችሁም አልኩት። መልስ 2ና 3 የነገሩን 1966 የጀመረው ከዚሁ ነው። የራበው መምህር ዝንባሌ የለውም ብሎ ማሰብ ትልቅ ስህተት ነው፤ ተማሪውም የመምህሩን ጫማ ያያል።

መልስ 19። ከምዕራብ ሸዋ የመጣ ልጅ ነው፤ አሁን መሐንዲስ ሆኗል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ጊንጪ ተማሪዎች ሲወጡ እሱም የሌላ ከተማ ተማሪ ነበር። መነሻው የመጫወቻ ሜዳና ደን ነበር ይላል፤ ከጀርባው ደግሞ ከተማዋን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ መሬት ጋር የሚያያይዘው የአዲስ አበባ የተቀናጀ ማስተር ፕላን አለ። ያንን ማንም መምህር አላስተማረንም ይላል። የምንጫወትበት ሜዳ፣ የአያቶቻችን እርሻ ነው። ፕላኑ ጥር ላይ ተሰረዘ፤ የሞቱት ልጆች ግን አልተመለሱም። መልስ 4ና መልስ 19ን አንድ ላይ አንብቧቸው። በመካከላቸው 45 ዓመት ያህል አለ፤ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አባት መሬት ነው።

ከመልስ 20 እስከ 22። የክሩ መጥፎ ክፍል ይህ ነው። መልስ 20 በኅዳርና ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች በኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማና መዝሙር ምክንያት የተነሳውን ግጭት አነሳ። ማንሳቱ ተገቢ ነበር። ተማሪዎች ተጋጭተዋል፣ ታስረዋል፣ ትምህርት ተቋርጧል። ቀጥለው የመጡት ሁለቱ ግን ወደ ብሔር ስድብ ገቡ። ስድቡን አጥፍቼ ፍሬ ነገሩን አስቀርቻለሁ። አንደኛው፣ ማንኛውም ልጅ በቋንቋው መማር መብቱ ነው፤ መዝሙሩ ለምን ያስቆጣችኋል ይላል። ሌላኛው ከተማዋ የራሷ ምክር ቤት አላት፣ ሳይጠየቅ የመጣ ነገር ነው ይላል። ሁለቱም ሊደመጥ የሚገባ ነገር ነበራቸው።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ያ ጉዳይ ከሰልፍ ሜዳ በፊት በጠረጴዛ ዙሪያ መነጋገር ይገባው ነበር። ወላጅ፣ ከተማው፣ ክልሉ ተቀምጠው ያልጨረሱትን የ14 ዓመት ልጆች ጠዋት ተሰልፈው እንዲጨርሱት ተደረገ። ከልጆቹ ላይ ምንም ጥፋት አላይም።

መልስ 23። ጀርመን አገር የምታስተምር ኢትዮጵያዊት ናት። ክሩን ወደ ቁም ነገሩ የመለሰችው እሷ ናት። እዚያ የፖለቲካ ትምህርት የሚሰጡ መምህራን የሚመሩበት የቦይተልስባኽ ስምምነት የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 ሽቱትጋርት አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ የተደረሰበት ነው። ሦስት ነጥብ አለው። መምህር ተማሪውን በሐሳብ ጭኖ ማሸነፍ የለበትም። በምሁራንና በፖለቲካው ዓለም የሚያከራክር ነገር በክፍልም አከራካሪ ሆኖ መቅረብ አለበት። ተማሪው ደግሞ ሁኔታውንና የራሱን ጥቅም መርምሮ ድምፁን ማሰማት እንዲችል መታገዝ አለበት። መምህር ድንጋይ ይሁን የሚል የለበትም ትላለች። እ.ኤ.አ. በ2024ቱ የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ጀርመን ውስጥ የ16 ዓመት ልጆች ድምፅ ሰጥተዋል። ስለዚህ ለተማሪዎቿ ፖለቲካ ወደፊት የሚመጣ ነገር አልነበረም።

መልስ 24። ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ነው። ልጆቹ እዚያ ተወልደው ሁለተኛ ደረጃ ደርሰዋል። ዴ ሞይን በምትባል የአዮዋ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1965 የቬትናምን ጦርነት ተቃውመው ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አስረው ስለመጡ ተማሪዎች ጽፏል። ትምህርት ቤቱ አገዳቸው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1969 ተማሪዎቹ 7 ለ 2 አሸነፉ። ካሸነፉት አንዷ ጨርቁን ስታስር የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። መምህሩ ክፍል ውስጥ ያን ያህል ነጻነት እንደሌለውም አክሏል። ልጆቹ እራት ላይ ፖለቲካ ሲያነሱ እሱ የሚደነግጠው የአገር ቤት ልማድ ስላለበት እንደሆነ ጽፏል። እነሱ አይደነግጡም።

መልስ 25። የጀርመንም የአሜሪካም ነገር እኛን አይመለከትም ይላል። ድምፁ ሻከር ያለ ነው። እዚያ ፍርድ ቤት አለ። እዚህ አንድ ክፍል ውስጥ 65 ተማሪ አለ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፣ መጽሐፉ ለሦስት አንድ ነው። ማን ነው ሁለቱንም ወገን አቅርቦ የሚጨርሰው? መልስ 23 በቅንነት ነው የመለሰችለት። እሷም በቂ ጊዜ እንደሌላት፣ ስምምነቱም ሕግ ሳይሆን መምህራን የተቀበሉት ልማድ እንደሆነ፣ ለመጀመር ፍርድ ቤት እንደማያስፈልገው ነገረችው። እሱ አላመነም።

መልስ 26። በዚህ ሁሉ መሃል አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ገባች። እስከዚያ ድረስ ስለ ተማሪዎች ያወራነው ተማሪ ሳይኖር ነው። ትሕትናዋ እንዳለ ሆኖ ቀጥተኛ ናት። አስተማሪዎቻችን ዝንባሌያችንን የሚወስኑ ይመስላችኋል፤ እኛ ግን ከቲክቶክና ከቴሌግራም የሰማነውን ይዘን ነው ክፍል የምንገባው ትላለች። መምህሩ ዝም ሲል ሜዳው ባዶ አይሆንም፤ ስልኩ ይናገራል። ሁለተኛው ነጥቧ ፈተና ነው። ወንድሟ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው በተፈተኑበት የመጀመሪያው ዙር ነበር። ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የእኛ ፖለቲካ ያ ቁጥር ነው ትላለች። ማን አስተማረን፣ ማን አላስተማረንም፣ የወደቅነው እኛ ነን ወይስ ትምህርት ቤቱ?

ሦስተኛው ነጥቧ ግን እኔን አስቆሞኛል። መምህሩ አቋሙን ቢናገር ባይናገር አያስጨንቃትም። የሚያስጨንቃት ማርኩ ነው። የዜግነት ትምህርት ላይ ድርሰት ስትጽፍ መምህሩ የሚወደውን ገምታ ትጽፋለች። ክፍሏ ውስጥ ያሉት ሁሉ እንደዚያ ያደርጋሉ። መልስ 11 ላይ ያለው ሰው ስለ ሁለት አፍ የጻፈውን ስታነብ ስለ እሷ ክፍል የተጻፈ መስሏት ነበር።

መልስ 27። የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ ለመልስ 26 በቀጥታ ነው የጻፈው። የክርክር ክበብ ይመራል። የሚሠራበትን ዘዴ በዝርዝር አስቀምጧል። ተማሪ ወገን አይመርጥም፤ ዕጣ ያወጣል። አብዛኛውን ጊዜ የማያምንበት ወገን ይደርሰዋል። ከክርክሩ በፊት የተቃራኒውን ሐሳብ ተቃራኒው እስኪስማማበት ድረስ አስተካክሎ መድገም አለበት። ካልደገመ ንግግሩን አይጀምርም። ድርሰት ሲያርም ደግሞ ስሙ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ እንዲጻፍ አድርጎ ገጹን አጥፎ ያርማል። ነጥብ የሚሰጠው በምን እንደሆነ አስቀድሞ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ማስረጃ አለ ወይ፣ ተቃራኒውን መልሷል ወይ፣ ቋንቋው ግልጽ ነው ወይ። አቋሙ ምንድን ነው የሚል መስመር የለበትም። የክበቡን ክርክር በሚኒ ሚዲያ ለማሰማት ፈልጎ ለጊዜው ፈቃድ አላገኘም።

መልስ 28። የአንድ ሰው የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል፤ ስም መደበቅ ምን ይጠቅማል ብሎ ጠይቋል። መልስ 27 ለ65 ተማሪ እጅ ጽሑፍ ማስታወስ እንደማይችል፣ ዋናው ግን ተማሪው መምህሩ ለመደበቅ እንደሞከረ ማየቱ እንደሆነ መልሷል። መልስ 26 ይህን አይታ አንድ መስመር ብቻ ጻፈች፤ እንደዚህ የሚያርም መምህር አጋጥሟት አያውቅም።

መልስ 29። የእኔ ነው። እስከዚህ ካነበብኩ በኋላ አቋሜን ጻፍኩ። መምህር አቋሙን ሳይጠየቅ አይናገር። ተማሪ በቅንነት ከጠየቀው ግን፣ ሁለቱንም ወገን ካስተማረ በኋላ፣ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፣ ምክንያቴም ይህ ነው፣ ብትቃወመኝ ማርክህ አይነካም ማለት ይችላል። ሰው እንዴት አስቦ አንድ ቦታ እንደሚደርስ ልጆች ማየት አለባቸው። በቴሌግራም ይህን አያዩም። እዚያ የሚያዩት መደምደሚያውን ብቻ ነው። በምርጫ ሰሞን ግን ፓርቲ አይጠራ፤ ልብሱ ላይም፣ ደብተሩ ላይም ምልክት አይለጥፍ። ይህ ገደብ በዳይሬክተሩም፣ በክፍለ ከተማው ሰብሳቢም ላይ እኩል ይሥራ። መምህሩን ዝም አሰኝቶ በሰልፍ ሜዳ የፓርቲ ቅስቀሳ ማድረግ አንቀጽ 90ን መጣስ ነው።

መልስ 30። የመጀመሪያዋ እናት ተመልሰው መጡ። ስለ ማርኩ የተባለውን ሙሉ በሙሉ ተቀብለዋል፤ የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ስላሉ ለስብሰባ ሊያቀርቡትም ነው። በሁለተኛው ግን አሁንም አይስማሙም። የሰጡት ምክንያት ግን አዲስ ነው። የሚኖሩት ትንሽ ከተማ ነው። መምህሩ ጠዋት የተናገረውን ማታ 60 ቤት ይሰማዋል። ነገ መንግሥት ሲቀየር፣ ወይም አስተዳዳሪ ሲቀየር፣ የሚጠየቀው እሱ ነው። ለልጆቼ ብቻ ሳይሆን ለመምህራቸውም ፈርቼ ነው ይላሉ።

መልስ 31። መልስ 15 ላይ የጻፈው ሰው ነው። እናታችን ያሉት ልክ ነው፤ ለዚህ ነው ማኅበሩን ያነሳሁት ብሏል። አንድ መምህር ብቻውን ሲናገር ይቀጣል፤ የማስተማር ነጻነቱ በጽሑፍ ከተቀመጠ፣ ማኅበሩ ከጎኑ ከቆመ ግን ቢያንስ ብቻውን አይሆንም። የሥነ ምግባር ደንብ ረቂቅ እንጻፍ ብሎ ሐሳብ አቅርቧል፤ መምህር ምን ማለት እንደሚችል፣ ምን ማለት እንደሌለበት፣ ተማሪ ማርኩ ተነክቷል ብሎ ካመነ ለማን እንደሚያመለክት የሚናገር።

መልስ 13 የጻፈችው መምህርና መልስ 27 አብረው ለመጻፍ ተስማምተዋል። መልስ 23 የጀርመኑን በአማርኛ መልሳ ልካለች። መልስ 26 ደግሞ የአቤቱታውን ክፍል ተማሪ እንዲጽፈው ጠይቃለች፤ የቅሬታ ኮሚቴው ውስጥ የሚከሰሰው መምህር የቅርብ ባልደረባ እንዳይቀመጥ ትፈልጋለች። መልስ 14 ይህን ተቃውሟል፤ በትንሽ ትምህርት ቤት ባልደረባ ያልሆነ መምህር ከየት ይመጣል ባይ ነው። በዚህ ላይ ገና አልተስማማንም።